ወደ ሀላባ ከመሄዳችሁ በፊት

ወንድሜ፣ «ከቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ጋር በኅዳር ወደ ሀላባ ገጠር ለወንጌል ልንወጣ ነው፤ ምን እንያዝ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም በሆነበት በዚያ አገር በግብርና ሥራ ለዓመታት ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

1. ኅዳርን ተዉት። የበርበሬ ለቀማ ነው፤ ሰዉ ከነልጆቹ ማሳ ላይ ይውላል። በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ሲያስነጥሳችሁ ይውላል እንጂ የሚያዋራችሁ አታገኙም። ካልሆነም ሂዱና አብራችሁ ልቀሙ። ጎንበስ ብሎ የለቀመ እንግዳ ማታ ቡና ላይ ስለ እምነቱ ይጠየቃል።

2. ሞንታርቦና ኪቦርድ አትጫኑ። የታመመ ሰው ቤት ስትገቡ «ዱዓ እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ የሚላችሁ እምብዛም ነው። መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። ራስ ይዞ መወዝወዝና መጮህ ይቅር። ዶሮ ከወሰዳችሁም እነርሱ ይረዱት፤ እናንተ ያረዳችሁትን አይበሉም።

3. ፎቶግራፍ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። እኔን የላከኝ ቢሮ በየሩብ ዓመቱ «ስንት ነፍስ ዳነ?» የሚል ቅጽ ይልክ ነበር፤ ከነፎቶግራፉ። የዘርና የችግኝ ሪፖርት ብልክ ኃላፊው ከአዲስ አበባ ደውሎ «ለእርሻ ነው እንዴ የላክንህ?» አለኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የተጻፈው እኮ እርሻ ነው! እምቢ ስላቸው ራሳቸው በመኪና መጥተው አንድ ወጣት ገበሬ መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው አነሡና ፌስቡክ ላይ ለጠፉት። ሳምንት ሳይሞላ አጎቶቹ ስልክ ላይ ደረሰ። የአባቱን መሬት ቀሙት፤ የእጮኛው ቤተሰቦችም ጥሎሹን መለሱ። ከቢሮው «እንዴት ሆንክ?» ብሎ የደወለለት አንድ ሰው የለም። ሽማግሌ ደጅ የጠናሁለት እኔ ነኝ። በመጨረሻ አጎቶቹን ገሥጸው ከመሬቱ ከፊሉን ያስመለሱለት ማን ይመስልሃል? የመስጊዱ ሼህ። «ልጁ ያመነውን ፈጣሪ ይጠይቀዋል፤ የአባቱን መሬት መቀማት ግን ግፍ ነው» አሏቸው። እኚያ ሰው ዛሬም በርበሬ ሲደርስ ይልኩልኛል። ያ ኃላፊ በበኩሉ እድገት አግኝቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።

4. ደብዳቤ ያዙ፤ ከቀበሌ በፊት ግን የአገር ሽማግሌዎቹን ሰላም በሉ። የቀበሌው ሰው ፊቱን ቢያጠቁርባችሁ ሕገ መንግሥቱን፣ የሃይማኖት ነፃነትን የሚደነግገውን አንቀጽ 27ን እየጠቀሳችሁ አትሟገቱት። መብቱ እውነት ነው። ነገር ግን በየካቲት 2011 ዓ.ም. በሐሰት ወሬ የሀላባ ከተማ በሆነችው ቁሊቶ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ጥቃትና ቃጠሎ ደርሷል፤ ሰውየው ስጋት አለበት። ደብዳቤው ላይም የምትሄዱበትን ጉዳይ በእውነተኛ ስሙ ጻፉ። «ለልማት» ብሎ ገብቶ የሚሰብክ ቡድን ከእርሱ በኋላ ለሚመጣ የግብርና ባለሙያ ሁሉ መንገድ ይዘጋል፤ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረስኩት ሰላይ አለመሆኔን በማስረዳት ነው።

ካሜራ የማይለየው ወንድም ካላችሁ ደግሞ ሻሸመኔ ላይ አውርዱት።