ቀድመው ተማክረው ቢሆንስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የኳንተም ቅንጣቶች ተራርቀው ሳለ ውጤታቸው ይዛመዳል ይባላል። ታላቅ ወንድሜ «አንዱ ለሌላው በቅጽበት ይነግረዋል» ይለኛል። እኔ ግን ሲለያዩ መልሳቸውን ይዘው የሄዱ ይመስለኛል። ማናችን ልክ ነን? (ከሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 እ.ኤ.አ. የመረመረው ያንቺኑ ሐሳብ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ የማስረዳው በጨዋታ ነው። ወረቀት ያዢ።

አንቺ ታቦር ተራራ ላይ፣ ወንድምሽ አሞራ ገደል ሁኑ። ስልክ የለም። ለየብቻችሁ ቀይ ወይም ሰማያዊ ካርድ በዕጣ ይደርሳችኋል። «አዎ» ወይም «አይ» ትላላችሁ። ሁለታችሁም ቀይ ከደረሳችሁ መልሳችሁ መለያየት አለበት። በቀረው ሁሉ መመሳሰል አለበት። ከመውጣታችሁ በፊት እስኪበቃችሁ ተማከሩ።

እስቲ ስልት አውጪ። ለሰማያዊ ሁለታችሁም አንድ መልስ ያዛችሁ እንበል። የአንቺ ቀይ ከእሱ ሰማያዊ ጋር መግጠም አለበት። የእሱም ቀይ ከአንቺ ሰማያዊ ጋር። በቃ፣ አራቱም መልሶች አንድ ሆኑ! ሁለት ቀይ ሲመጣ ታዲያ በምን ትለያያላችሁ? ሊሆኑ የሚችሉት ስልቶች 16 ናቸው፤ ሁሉንም ጽፈሽ ቁጠሪ። ካርዱ በእውነት በዕጣ እስከመጣ ድረስ፣ ቢበዛ ከ100 ዙር በአማካይ 75ቱን ነው የምታሸንፉት።

የተቆራኙ ቅንጣቶች (ያነሳሻቸው፣ ተራርቀውም ውጤታቸው የሚዛመደው) ይዛችሁ፣ ካርዱ ባዘዘው አቅጣጫ ለክታችሁ ብትመልሱ ግን ወደ 85 ትደርሳላችሁ። ይሄ በተግባር ታይቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ፣ ዴልፍት ውስጥ 1.3 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ኤሌክትሮኖች ተለኩ። ልኬቱ ያለቀው ብርሃን እንኳን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይደርስ ነው። ውጤቱ ግን በምክክር ብቻ የሚደረስበትን የ75ቱን ወሰን አለፈ። የፊዚክስ ሊቆቹ ክላውዘር፣ አስፔና ዛይሊንገርም በ2022 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ መስመር በሠሩት ሙከራ ነው።

ስለዚህ ያንቺ ምክክር ብቻውን አይበቃም። ወንድምሽም ቢሆን አልረታም። ታቦር ላይ ብቻሽን ሆነሽ የምታዪው ግማሽ «አዎ»፣ ግማሽ «አይ» ነው፤ እሱ ታች የፈለገውን ካርድ ቢያነሳ ይህ አይለወጥም። ዝምድናው የሚወጣው ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። በዚህ መንገድ አንዲት ቃል እንኳን መላክ አይቻልም። «ድብቅ ተጽዕኖ አለ» የሚሉ የፊዚክስ ሰዎች አሉ። ግን ያ ተጽዕኖ አንድም ቦታ ዱካው እንዳይገኝ ሆኖ በልክ የተሰፋ መሆን አለበት። ይህ ለእኔ አይዋጥልኝም። መመርመር ያለበት «ምክንያት» ስንል የያዝነው ሐሳብ ራሱ ነው ብዬ አምናለሁ።