ልጄ ተፋላሚ እንዲሆን ባጃጁን ልሽጥ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የምኖረው ጅማ ነው። የ22 ዓመት ልጄ በቴኳንዶ ጥቁር ቀበቶ ያለው ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት የሰፈር ልጆችን ያሠለጥናል፤ ቀሪውን ቀን ከሄርማታ መርካቶ እየተነሣ እኔ በገዛሁለት ባጃጅ ይሠራል። ዘንድሮ ግን ልቡ ኤም ኤም ኤ ወደሚባለው፣ ጡጫ፣ እርግጫና ትግል ወደሚቀላቀልበት ቅይጥ ፍልሚያ ሸፍቷል። በስልክ የተዋወቀው አንድ «ወኪል» ለቪዛና ለምዝገባ ገንዘብ ከተከፈለው ዱባይ ወስዶ በባለሙያነት እንደሚያጋጥመው ነግሮት፣ ወሩ ሳያልቅ እንድንወስን ቀን ቆርጦልናል። ልጁ ባጃጁ ይሸጥ እያለ ይወተውተኛል፤ እናቱ ደግሞ ይህ ድብድብ እንጂ ሥራ አይደለም ትላለች። ለመሆኑ ሥራ ነው? ከሆነስ መንገዱ በየት በኩል ነው?
ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ባጃጁን አይሽጡ። ማብራሪያው ይከተላል፤ ቀን የተቆረጠበት ጉዳይ ስለሆነ ግን መልሱን ማስቀደም ግድ ሆኖብኛል።

በዚህ ሙያ ደንበኛ ወኪል የሚኖረው ከተፋላሚው የግጥሚያ ክፍያ ላይ በሚያነሣው ድርሻ ሲሆን፣ ድርሻው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ልጁ ካልተጋጠመና ካልተከፈለው ወኪሉም አያገኝም ማለት ነው። አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ግን ልጅዎ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ ጨርሶ ባይጋጠምም እንኳ፣ ትርፉን ቀድሞ ኪሱ ከትቷል።

የባለቤትዎ ጥርጣሬ መሠረት አለው። ዩኤፍሲ የሚባለው የቅይጥ ፍልሚያ አዘጋጅ ድርጅት የመጀመሪያ ውድድር በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሲካሄድ የክብደት ምድብ አልነበረውም፤ ሕጉም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ2000ዎቹ መባቻ በኒው ጀርሲ የወጣው የጋራ ደንብ ግን ነገሩን ወደ ስፖርትነት አምጥቶታል። ዛሬ አንድ የባለሙያዎች ግጥሚያ ባለ አምስት ደቂቃ ሦስት ዙር፣ ለሻምፒዮናነት ከሆነ አምስት ዙር አለው፤ በራስ ቅል መግጨትና ዓይን መጓጎጥ ክልክል ነው፤ ሐኪምም ከመድረኩ አጠገብ ይቀመጣል። ስለዚህ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የወር ደመወዝ የለውም። ተፋላሚው በውል የሚከፈለው በየግጥሚያው ሲሆን፣ በብዙ ውሎች የተወሰነው ገንዘብ ለመቅረቡ፣ ያንኑ የሚያህል ሌላ ደግሞ ካሸነፈ ብቻ ይሰጠዋል። ከዚያ ላይ የወኪሉ፣ የአሠልጣኙና የዝግጅቱ ወጪ ይቀነሳል። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚጋጠም ጀማሪ በዚህ ብቻ ቤት ሊመራ ስለማይችል፣ በየአገሩ ያሉ ጀማሪዎች ቀን ሌላ ሥራ ሠርተው ማታ ይለማመዳሉ። የልጅዎ ሌላ ሥራ እንግዲህ ያ ሊሸጠው የሚፈልገው ባጃጅ ነው።

ስለ ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ ነግሮዎት እንደሚሆን እገምታለሁ። በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ያደገው ይህ ሰው በ2013 ፓሪስ ሲደርስ ማደሪያ እንኳ አልነበረውም፤ በ2021 የዩኤፍሲ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ወጣቶቻችን የሚያወሩት የታሪኩን ሁለት ጫፎች ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን መካከሉ ነው። ከመጀመሪያው የባለሙያ ግጥሚያው እስከ ሻምፒዮናነት ቀበቶው ድረስ ከሰባት ዓመት በላይ አልፏል፤ በ2018 ለሻምፒዮናነት ቀርቦ ተሸንፏል፣ የተሸነፈበትም ዋና ምክንያት ባላጋራው እየደጋገመ መሬት ስላወረደው ነው።

መሬቱ ደግሞ የልጅዎም ጉድለት ይመስለኛል። ቴኳንዶ ርቀትን መለካትና የእግር ፍጥነትን ያስተምራል፤ ነገር ግን በኦሊምፒኩ ሕግ ፊትን በጡጫ መምታት ስለማይፈቀድና ባላጋራን ይዞ መጣል ስለማይቻል፣ ከፍ አድርጎ የሚማታ ልጅ በአንድ እግሩ በቆመባት ቅጽበት ትግል የሚያውቅ ሰው ያችኑ እግር ይወስድበታል። በናይጄሪያ የተወለደው የቀድሞ ሻምፒዮን ካማሩ ኡስማን ወደዚህ ሙያ የገባው በአሜሪካ የኮሌጅ ትግል ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ነው። (እኛም በእረኝነት ዘመናችን በመስክ ላይ ስንታገል እንውል ነበር፤ ያኔ ግን ቀበቶ የሚሸልመን አልነበረም።) ልጅዎ ጅማ ውስጥ ጁዶ ወይም የትግል ስፖርት የሚያውቅ ሰው ፈልጎ፣ ካጣም በየጊዜው አዲስ አበባ እየተመላለሰ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ምንጣፍ ላይ ቢወድቅና ቢነሣ ይጠቅመዋል። የአውቶቡሱንም ወጪ ባጃጁ ይችለዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአማተር፣ ማለትም ክፍያ የሌለበት፣ ውድድር ነው። በ2012 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአማተር ፌዴሬሽን በሚመራቸው ውድድሮች ዙሩ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ተወዳዳሪው የቅልጥም መከላከያ ያደርጋል፤ በክርን መማታትም አይፈቀድም። በባለሙያነት የተመዘገበ ሽንፈት ዕድሜ ልክ ከስም ጋር ይኖራል። ያለ አማተር ልምድ ከሩቅ አገር የሚወሰድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ለአገሬው ተወዳጅ ተፋላሚ ቀላል ድል እንዲሆን ነው፤ የዱባዩን ግብዣ በጥርጣሬ የማየውም ከገንዘቡ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጤና፣ ከጡጫው ባልተናነሰ የሚያስፈራኝ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ሰውነትን ውኃ ማስጠማት ነው። በ2015 አንድ ቻይናዊ ተፋላሚ ማኒላ ላይ በዚሁ ምክንያት ሞቷል። ልጅዎ ያለ ውኃ ጥም በሚደርስበት የክብደት ምድብ ይወዳደር፤ ኩላሊቱን፣ ዓይኑንና ጭንቅላቱን የሚያይ ሐኪም ሳያማክር አይጀምር፤ በልምምድ ራሱን ከሳተ ደግሞ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ለሳምንታት አይማታ።

ወኪሉን በተመለከተ፣ አራት ጥያቄ በጽሑፍ ይላኩለት፦ አዘጋጁ ድርጅት ማን ነው? ባላጋራው ማን ነው፣ እስከ ዛሬስ ስንት ጊዜ ተጋጥሟል? ክብደቱ በስንት ኪሎ ነው? የአውሮፕላን ቲኬቱንና የሕክምና ዋስትናውን የሚከፍለው ማን ነው? መልስ ከሰጠ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ለሕግ ባለሙያ አሳይታችሁ ግልባጩን ለዚህ ዓምድ ብትልኩልን አብረን እናየዋለን።