ካሜራው ሲጠፋስ? ስለ ፊልም እንስሳት የጠየቃችሁኝ

ስለ ፊልም እንስሳት ጠይቁኝ ማለቴን እኔ ረስቼው ነበር፣ እናንተ ግን አልረሳችሁም። የተደጋገሙትን ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፊልም ሲያልቅ «በዚህ ፊልም ሥራ አንድም እንስሳ አልተጎዳም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ልመነው?

እመነው፣ ግን የሚለውን ያህል ብቻ። ማረጋገጫውን የሚሰጠው አሜሪካን ሂዩማን የሚባል ድርጅት ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹ በዋናነት የሚገኙት ቀረጻው ቦታ ነው። እንስሳው የት አደረ፣ እንዴት ሠለጠነ፣ በምን ተጓጓዘ የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። «ዘ ሆቢት»ን ውሰድ። ኒውዚላንድ ውስጥ እንስሳቱ የሚያድሩበት እርሻ ገደልና ጉድጓድ የበዛበት፣ አጥሩም የተሰባበረ ነበር ብለው በ2012 ተንከባካቢዎቹ ተናገሩ፤ በእነሱ ቆጠራ ፈረስ፣ ፍየል፣ በግና ዶሮ ተደምሮ 27 እንስሳ አልቋል። የፊልሙ ሰዎች አንዳንዱ በተፈጥሮ የሞተ ነው አሉ፣ የሁለቱን ፈረሶች ሞት ግን ማስቀረት ይቻል እንደነበር አመኑ። ታዲያ ካሜራ ፊት የሞተ ስለሌለ ድርጅቱም አልዋሸም። ይኸው ነው ነገሩ። ለክትትሉ ከሚውለው ገንዘብ ከራሱ ከፊልም ኢንዱስትሪው የሚመጣ አለበት፣ ይህንንም ያዝልኝ።

ጥያቄ፦ አባቴ የድሮ ካውቦይ ፊልም ነፍሱ ነው። ያ ሁሉ ፈረስ ሲወድቅ እውነት ነበር?

እውነት ነበር። የፈረሱን የፊት እግሮች በሽቦ ያስሩና የሽቦውን ሌላ ጫፍ መሬት ላይ ይቸክሉታል። ፈረሱ እየጋለበ ሽቦው ሲያልቅበት እግሩ ከሥሩ ይነጠቃል፣ በግንባሩ ይደፋል። ብዙዎቹ አልተነሱም። በ1939 በወጣው «ጄሲ ጄምስ» ላይ ደግሞ ፈረስ ከከፍተኛ ገደል ወደ ውኃ ተወርውሮ ሞተ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ቁጥጥሩም በ1940 ሆሊውድ ገባ። በ1960ዎቹ ላላ። ከዚያ «ሄቨንስ ጌት» በ1980 መጣና ፈረስ በፈንጂ መገደሉ ሲሰማ እንደገና ጠበቀ። ዛሬ የሚወድቅ ፈረስ ለዚያው የሠለጠነ ነው፣ የሚወድቀውም ተቆፍሮ በለሰለሰ መሬት ላይ ነው። ለአባትህ መንገር አለመንገሩ ያንተ ፋንታ።

ጥያቄ፦ ልጄ «ሌሚንግ የምትባል አይጥ መሳይ እንስሳ በመንጋ ገደል ገብታ ራሷን ታጠፋለች» አለችኝ። እውነት ነው?

ውሸት ነው እህቴ። ወሬውን ያስፋፋው ደግሞ ኦስካር የተሸለመ ዘጋቢ ፊልም ነው፣ የዲዝኒው «ዋይት ዊልደርነስ»፣ 1958። የተቀረጸው በካናዳ አልበርታ ግዛት ነው፣ ፊልሙ ላይ የሚታዩት ሌሚንጎች ግን የዚያ አካባቢ አይደሉም። እንስሶቹን ከሌላ ቦታ ገዝተው አመጡ፣ ጥቂቶቹ መንጋ እንዲመስሉ በሚሽከረከር ገበታ ላይ አስሮጧቸው፣ መጨረሻ ላይ ከገደሉ ወደ ወንዝ ገፈተሯቸው። ይህ የተጋለጠው በ1982 በካናዳ ቴሌቪዥን ነው። እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ አምኜው ነበር፣ ያናድዳል።

ጥያቄ፦ «ፍሪ ዊሊ» ላይ የተሠራበት ዓሣ ነባሪ በመጨረሻ ነፃ ወጣ?

ፊልሙ ውስጥ ወጣ። እውነተኛው ዓሣ ነባሪ፣ ስሙ ኬይኮ፣ ግን ፊልሙ በ1993 ታይቶ ዓለም ሲያለቅስለት ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ጠባብ ገንዳ ውስጥ ነበር። በስንት ውትወታ በ1998 ወደ አይስላንድ ተመለሰ፣ በ2002 ባሕር ገባ፣ ግን ሰው ለምዷል፣ ኖርዌይ ደርሶ ሰው ፍለጋ ጀመረ። በ2003 በሳንባ ምች ሞተ።

ጥያቄ፦ አጭር ፊልም ልሠራ ነው። የጋሪ ፈረስ ተከራይቼ ሲወድቅ መቅረጽ እችላለሁ?

አትችልም! ያልሠለጠነ ፈረስ ከጣልክ እግሩን ሰበርክ ማለት ነው፣ የሰውየውም እንጀራ አብሮ ተሰበረ። ሲሮጥ ቅረጽ፣ ከዚያ ኮቴውን ብቻ በቅርበት፣ ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ መሬት ላይ የተዘረጋው ተዋናይህ። ድምፁን ኋላ ትጨምራለህ፣ ተመልካች ቀሪውን ራሱ ያየዋል። ውኃና ጥላ አዘጋጅ፣ ፈረሱን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው ይኑር። ለባለጋሪው ደግሞ የሙሉ ቀን ገቢውን ክፈለው፣ ፈረሱ አንተ ጋ ሲሮጥ ውሎ ማታ ደግሞ ሰው ሲያመላልስ እንዳያመሽ።