የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከ200 መስመር ውስጥ ንቁው ፎልት የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ሦስት የጂኦሎጂ ተማሪዎች ነን። የመመረቂያ ጥናታችን በአዳማ ዙሪያ ያሉ ንቁ ፎልቶችን (መሬት ተሰብሮ አንዱ ወገን ከሌላው የሚንሸራተትባቸውን ስንጥቆች) በሳተላይት ምስል መለየት ነው። በነፃ ከሚገኘው 30 ሜትር የከፍታ መረጃ ሂልሼድ (ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ እንደበራበት መሬቱን በጥላ የሚያሳይ ምስል) ሠርተን ከ200 በላይ መስመር አወጣን። አማካሪያችን ግን «ንቁው የትኛው ነው?» ብለው መለሱልን። እንቅስቃሴውን በራዳር ምስል ለክተን ብናሳይስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አማካሪያችሁ ልክ ናቸው። መስመር ሁሉ ፎልት አይደለም፤ ፎልትም ሁሉ ንቁ አይደለም።

ከሂልሼዱ እንጀምር። የከፍታ መረጃውን መጀመሪያ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (ርቀትን በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት) ቀይሩት። በዲግሪ እንዳለ ከተሠራ ርቀቱ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ስለሚሆን ተዳፋቱ ሁሉ ገደል መስሎ ይወጣል። የወንጂ ፎልቶች (ስሙ የጎረቤታችሁ ወንጂ ነው) በአብዛኛው ከሰሜን 20 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብለው ይዘረጋሉ። ብርሃኑ ከ20 ወይም ከ200 ዲግሪ ከመጣ ይደበቃሉ፤ ከ290 ወይም ከ110 ከመጣ ጎልተው ይታያሉ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሠራችሁ ግን የሮዝ ዲያግራማችሁ (የመስመሮቹን አቅጣጫ የሚያሳየው ክብ ሥዕል) የሚናገረው ስለ ብርሃኑ ነው። ስለዚህ በ290፣ በ335፣ በ20 እና በ65 አራት ጊዜ ሥሩት። የብርሃኑን ከፍታ ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ስታደርጉ አጫጭሮቹ እርከኖችም ብቅ ይላሉ።

ቀጥሎ ማጣራት ነው። መስመሮቹን በሴንቲኔል-2 ሳተላይት የ10 ሜትር ምስል ላይ ደርቧቸው። የሸንኮራ እርሻው ቦዮች፣ የፍጥነት መንገዱ፣ የባቡር ሐዲዱና የላቫ ፍሰት ዳርቻ ሁሉ ፎልት መስለው ያታልላሉ። እውነተኛው ፎልት አንዱ ወገኑ በተከታታይ ዝቅ ያለ ነው፤ የተለያየ ድንጋይም አቋርጦ ያልፋል። በየ500 ሜትሩ ፎልቱን በቀጥታ የሚቆርጥ የከፍታ መገለጫ ውሰዱ። ከ5 ሜትር በታች የሆነ ልዩነት በመረጃው ስህተት ውስጥ ስለሚዋጥ አትመኑት። የምትለኩት ቁመትም ትንሹ ግምት ብቻ ነው፤ የወረደውን ወገን ደለል ሸፍኖታል።

ንቁነት የሚረጋገጠው ፎልቱ የቆረጠው ወጣት ነገር ሲገኝ ነው። የቦሰት እሳተ ገሞራ ላቫዎችንና የቅርብ ጊዜ ደለሎችን ፈትሹ። ላቫው ሳይቆረጥ ፎልቱን ሸፍኖት ካለፈ፣ ፎልቱ እዚያ ቦታ ላቫው ከፈሰሰ ወዲህ መሬቱን አልሰበረም ማለት ነው። ከቆረጠው ደግሞ ቁመቱን ለዕድሜው አካፍሉ፤ ለምሳሌ 20 ሜትር በ100,000 ዓመት ሲሆን በዓመት 0.2 ሚሊሜትር ይመጣል። ቦኩ ቅርባችሁ ነው፤ እንፋሎት በስንጥቆቹ ሲወጣ በዓይናችሁ አይታችሁ ካርታችሁን አስተካክሉ።

ወደ ራዳሩ ስንመጣ፣ ለዚህ ጥያቄ አይመከርም። ስምጥ ሸለቆው በእናንተ አካባቢ የሚሰፋው በዓመት 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ያም በብዙ ፎልቶች መካከል ይከፋፈላል። በሴንቲኔል-1 የራዳር ሳተላይት ሁለት ምስሎች ሲወዳደሩ በሚወጣው ባለቀለም ካርታ ላይ አንድ የቀለም ዙር የ2.8 ሴንቲሜትር እንቅስቃሴ ነው፤ የአየር እርጥበት ብቻውን ያን ያህል ያሳስታል። በ12 ቀን ልዩነት የተነሱ ሁለት ምስሎች ካወዳደራችሁ የምታዩት በአመዛኙ አየሩን ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ የታየው ለየት ያለ ነው፤ ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ከምድር በታች ሰርጎ መሬቱን በአሥሮች ሴንቲሜትር ስላንቀሳቀሰው በራዳር ጎልቶ ታይቷል። ራዳር የግድ ካላችሁ ያንን ለማነጻጸሪያ ውሰዱ። አዳማ ላይ ግን የብዙ ዓመት ተከታታይ ምስል ያስፈልጋችኋል። ከኅዳር እስከ የካቲት የተነሱትን ምረጡ፤ የሸንኮራ ማሳዎቹን ግን ተዉአቸው፤ ሰብሉ ስለሚለዋወጥ ምልክቱ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፓችን 8 ጊጋባይት ራም ነው፤ ስናፕ (የራዳር ምስል የምንሠራበት ፕሮግራም) ይቆምብናል።

መልስ፦ ሙሉውን ምስል አትጫኑ። አዳማ ያለበትን አንድ ሰብስዋዝ (ምስሉ ከሚከፈልባቸው ረጃጅም ቁራጮች አንዱን)፣ ከዚያም በውስጡ የሚያስፈልጋችሁን ጥቂት በርስት (ትናንሽ ክፍሎች) ብቻ ቆርጣችሁ ጀምሩ። ይህም ከከበዳችሁ የአላስካ ሳተላይት ፋሲሊቲ ሃይፕ-3 የሚባለው አገልግሎት በራሱ ሰርቨር ሠርቶ ይሰጣል፤ በነፃ ነው፣ ምዝገባ ብቻ ይፈልጋል።