ራዲያተሩን ከመንቀላችሁ በፊት ዳብሱት

ፍራንክፈርት ውስጥ የቤት ማሞቂያ ስገጥምና ስጠግን 24 ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚያ ሙቅ ውሃ ማለት መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ቦይለር ነበር፣ አለቀ። ሙቅ ውሃ ከምድር ቤት ተነስቶ በየክፍሉ ባሉ ራዲያተሮች፣ ማለትም ክፍሉን በሚያሞቁ ብረቶች፣ ዞሮ ቀዝቅዞ ሲመለስ መጀመሪያ ያየሁት እዚህ ነው። ብርዱ ሲጀምር ደብዳቤዎቻችሁ ይበዛሉ። ዘንድሮ አራቱን መርጫለሁ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኑርንበርግ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኪራይ ቤት ነው። የሳሎኑ ራዲያተር ከታች ይሞቃል፣ ከላይ ግን በረዶ ነው። ማታ ማታ ሆዱ ባዶ እንደሆነ ሰው ጉርጉር ይላል። ባለቤቴ «አርጅቷል፣ አዲስ ያስገቡልን» ብሎ ለአከራዩ ደብዳቤ ሊጽፍ ነው። እውነት አርጅቶ ነው? (የሕፃን እናት)

የኔ እህት፣ ደብዳቤው ይቆይ። ራዲያተርሽ አላረጀም፣ አየር ውጧል። አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ሙቁ ውሃ እዚያ አይደርስም። ጉርጉርታውም ውሃው ከአየሩ ጋር ሲታገል ነው።

መድኃኒቱ ማስተንፈስ ነው። ከራዲያተሩ ጫፍ ከላይ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቴርሞስታቱ (ቁጥር ካለበት የሙቀት መቆጣጠሪያ መዞሪያ) ተቃራኒ፣ መሀሉ አራት ማዕዘን የሆነ ትንሽ ብሎን ታያለሽ። ቁልፉ በሁለት በሦስት ዩሮ የዕቃ መደብር ይገኛል። ቴርሞስታቱን ዝጊና ራዲያተሩ ቀዝቀዝ ይበል። ከሥሩ ኩባያ ያዢ፣ ጨርቅ ደግሞ ግድግዳው ላይ አድርጊ። ከዚያ ብሎኑን ግማሽ ዙር ብቻ ፍቺ። መጀመሪያ ሽሽሽ ይላል፣ ቀጥሎ እንደሚተፋ ሰው ትፍ ትፍ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ውሃው ሳይቆራረጥ ቀጥ ብሎ ሲመጣ ዝጊው። ውሃው ጥቁር ሆኖ ብረት ብረት ቢሸትሽ አትደንግጪ።

ግማሽ ዙር ብቻ ያልኩሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ሥራውን በተማርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ የአንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ፣ ብሎኑን ጨርሼ አወጣሁት። እንደ ጠላ አተላ የጠቆረ ውሃ ነጩ መጋረጃ ላይ ተረጨ። አለቃዬ ምድር ቤት ወርዶ ውሃውን እስኪዘጋ ድረስ ቀዳዳውን በጣቴ ደፍኜ ተንበርክኬ ቀረሁ። አሮጊቷ ግን ምንም ሳይሉ ቡና አፍልተው አመጡልኝ፤ በአንድ እጄ ጠጣሁ።

አየሩ ሲወጣ የውሃው ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ለሃውስማይስተሩ (ሕንፃውን ለሚንከባከበው ሰው) ንገሪው፤ ምድር ቤት ያለውን የግፊት መለኪያ አይቶ ውሃ ይጨምራል። ውሃ 10 ሜትር ከፍ እንዲል 1 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ግፊቱ ሲወርድ መጀመሪያ የምትቀዘቅዙት ላይኛው ፎቅ ያላችሁት ናችሁ። አየሩ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ከመጣ ወይ የሆነ ቦታ ውሃ ያፈሳል፣ ወይ የማስፋፊያ ጋኑ (ውሃው ሞቆ ሲሰፋ ትርፉን የሚቀበለው) ደክሟል። ያኔ ባለቤትሽ ደብዳቤውን ይጻፍ፤ ስለ ራዲያተሩ ሳይሆን ስለዚህ።

ሰላም ጋሼ። ካስል አጠገብ በአውሮፓ አቆጣጠር 1968 የተሠራ ቤት ገዛሁ። ራዲያተሮቹ እንደ አኮርዲዮን የተደረደሩ ከባድ ብረቶች ናቸው። አንድ የማሞቂያ ገጣሚ መጥቶ «ሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ስቦ ውሃ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሽን) ካሰብክ ዘጠኙንም አውጥተን አዲስ ጠፍጣፋ እናስገባ» አለኝ። ዋጋውን ሳየው እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ 11፣ 22፣ 33 የሚሏቸው ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ከቁጥሮቹ ልጀምር። የመጀመሪያው አሃዝ ውሃ የሚያልፍባቸው ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ስንት እንደሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ በመሀላቸው አየሩን የሚያሞቁት የተጣጠፉ ቆርቆሮዎች ስንት እንደሆኑ ይነግርሃል። 11 ቀጭን ነው፣ ስድስት ሴንቲ ያህል። 22 አሥር ሴንቲ፣ 33 ደግሞ ከአሥራ አምስት በላይ ይወፍራል። ርዝመትና ቁመታቸው እኩል ከሆነ ወፍራሙ የበለጠ ያሞቃል።

ሻጮች ፈጠን ብለው የሚያልፉትን ነገር አሁን ስማ። ካታሎጉ ላይ የሚጻፈው ዋት ውሃው በ75 ዲግሪ ገብቶ በ65 ሲወጣ፣ ክፍሉም 20 ዲግሪ ሲሆን የተለካ ነው። ሂት ፓምፕ ግን ውሃውን ባነሰ ሙቀት ሲልክ ነው ኤሌክትሪክ የሚቆጥብልህ። ውሃው በ55 ገብቶ በ45 ከወጣ፣ 1,000 ዋት ተብሎ የተሸጠልህ ራዲያተር 515 ገደማ ነው የሚሰጥህ። ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ገጣሚው ትልቅ ራዲያተር ያስፈልጋል ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። «ዘጠኙንም» ሲል ነው ያልተስማማሁት።

ለካው። ውጭው ዜሮ ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች የሆነበትን ቀን ጠብቅና አሁን የማሞቂያውን ውሃ ከሚያሞቀው ቦይለርህ የሚወጣውን ውሃ 55 ዲግሪ ላይ ገድበው። የሁሉንም ክፍል ቴርሞስታት እስከ መጨረሻው ክፈት። እንዲህ ሆኖ ሁለት ቀን ይቆይ፣ በየክፍሉም ቴርሞሜትር አስቀምጥ። 20 እና 21 የደረሰ ክፍል ራዲያተሩ ይበቃዋል፣ አትንካው። 17 ዲግሪ ላይ የቀረውን ክፍል ራዲያተር ብቻ በ33 ቁጥሩ ቀይረው። እኔ በሠራኋቸው እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ ከነሱም አንዱ መታጠቢያ ቤት ነው። የፎጣ ማድረቂያ መሰላሉ ያምራል እንጂ አቅም የለውም፣ ፎጣ ሲሰቀልበት ደግሞ ጭራሽ።

አሮጌው ብረትህ ክፉ ዕቃ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ብዙ ውሃ ስለሚይዝ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ጠዋት ተነስቶ በአሥር ደቂቃ ሙቀት ለሚፈልግ ሰው ያናድዳል። ቀኑን ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ለሚልክ ሂት ፓምፕ ግን ይስማማል።

ገንዘብህን አተላው ላይ አውጣ። ከ1968 ጀምሮ ሲዞር የኖረ ውሃ የዛገ ብረት ዱቄት ይዟል። ራዲያተሩን ዳብሰው፤ ላዩ ሞቆ ታቹ መሀል ላይ ክፉኛ ከቀዘቀዘ ዝቃጭ ተኝቶበታል። (ከታች በትንሹ ለብ ማለቱ ግን ጤና ነው፣ ውሃው ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ነው የሚወጣው።) አዲሱ ማሽን ከመገጠሙ በፊት መስመሩ በሙሉ ይታጠብ፣ መመለሻው ቧንቧ ላይም ማግኔት ያለው ማጣሪያ ይግባ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ውሃ የሚጨምር ሰው ቤትህ አይኑር፤ አዲስ ውሃ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ብረቱንም እንደገና ያዝገዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ሰነፍ ነው፣ ቅርቡን ይወዳል። ድግስ ላይ ወጥ ቤቱ አጠገብ የተቀመጠው ሦስት ጊዜ ተጨምሮለት ዳስ ጫፍ ያለው ሳይደርሰው እንደሚቀረው ነው። ለዚህ ነው በየቫልቩ የሚያልፈው ውሃ ተለክቶ መመጠን ያለበት፤ ጀርመኖቹ ሃይድራውሊሸር አብግላይሽ ይሉታል። ገጣሚህን ይህን ትሠራለህ ወይ ብለህ ጠይቀው። ፊቱን ካጨማደደ ሌላ ፈልግ።

እናቴ ከጎንደር መጥታ ሦስት ወር አብራን ናት፣ ማይንስ ነን። ቶሎ ይሙቅ ብላ ቴርሞስታቱን 5 ላይ ታደርገዋለች። ጋቢዋንም አጥባ እላዩ ላይ ታሰጣለች። ቅር እንዳላሰኛት እንዴት ልንገራት?

ለእናት መናገሩን አንቺ ታውቂበታለሽ፣ እኔ ምክንያቱን ልስጥሽ። ቁጥሩ ፍጥነት አይደለም፣ ልክ ነው። 3 ማለት 20 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ዝጋ ማለት ነው፣ 5 ደግሞ 28 አካባቢ። 3 ላይም 5 ላይም እስከ 20 ድረስ በተመሳሳይ ፍጥነት ነው የሚሞቀው፤ 5 የሚለየው ከዚያም በኋላ አለማቆሙ ነው። ጋቢው ደግሞ አራት ድርብ ጥጥ፣ ውሃ የጠጣ! ያ ሁሉ እርጥበት ወደ ቤቱ አየር ገብቶ ቀዝቃዛው ግድግዳ ጥግ ላይ ያርፋል፣ ሻጋታ ይሆናል። ራዲያተሩም ሲሸፈን ሙቀቱ እዚያው ይታፈናል፣ እላዩ ላይ የተለጠፈችው የሂሳብ መቁጠሪያም አብዝታ ልትቆጥርባችሁ ትችላለች። ሕንፃችሁ ውስጥ የልብስ ማድረቂያ ክፍል ካለ እዚያ ይሰጣ። ከሌለ መስቀያ ላይ፣ ከራዲያተሩ ራቅ ብሎ፣ በቀን ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወለል አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ እየከፈታችሁ።

ልጄ፣ ኮሎኝ ነው የምኖረው፣ 71 ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የመኝታ ቤቴ ማሞቂያ አልሞቅ ይላል። ጎረቤቴ በመዶሻ እጀታ ቸብ ቸብ ሲያደርግልኝ ይሞቃል። ዘንድሮ ጎረቤቴ ቤት ቀየረ። መዶሻውን እኔው ልያዘው?

እናቴ፣ ጎረቤትዎ የተባረከ ሰው ነው፣ በሽታውንም ሳያውቀው አግኝቶታል። መዶሻውን ግን እርስዎ አይያዙት። ቴርሞስታቱ ራስ ሥር ጣት የማታህል ቀጭን የብረት ዘንግ አለች፤ ስትገባ ውሃውን ትዘጋለች፣ ስትወጣ ትከፍታለች። በጋውን ሙሉ ተዘግታ ስትከርም እዚያው ትጣበቃለች። አንድ የልጅ ልጅ ይጥሩ። ቴርሞስታቱን 5 ላይ አድርጎ ማሰሪያውን በእጁ ወይም በፒንሳ ለስለስ አድርጎ ይፍታና ራሱን ያውጣው። ዘንጓን በእንጨት ነገር ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ያድርጋት፤ ራሷ ተመልሳ መውጣት ስትጀምር ተላቃለች። በፒንሳ ይዞ እንዳይስባት አደራ፣ ተመዝዛ ከወጣች ውሃው ይከተላታል። ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰች ለአከራዩ ይደውሉ፣ ማስጠገኑ የሱ ሥራ ነው።

የሚመጣው ግንቦት ማሞቂያው ሲጠፋ ቴርሞስታቱን 5 ላይ ከፍተው ይተዉት። ውሃው ስለማይሞቅ አያስከፍልዎትም፣ ዘንጓም ተዘግታ አትከርምም።