ራቭ 4 ላይ ፒ0753፣ ፒ0758 እና ፒ1760፦ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የሚለካው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላስታውስ፦ ከአሜሪካ የገባ የ2002 ኦቶማቲክ ራቭ 4፤ ሲሞቅ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ከኋላ የተገጨ ያህል ይመታል፤ ቼክ ኢንጂን በርቷል፤ ስካነሩ ፒ0753፣ ፒ0758 እና ፒ1760 አወጣ፤ ጋራዡ ደግሞ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይቀየር» አለህ። እባክህ ገና አታስወርደው። ሦስቱም ኮዶች የሚናገሩት ስለ ኤሌክትሪክ መስመር እንጂ ስለ ፍሪሲዮን ወይም ስለ ጥርስ አይደለም።

ፒ0753 ኤስኤል1 የሚባለውን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የካምቢዮ ዘይት ቫልቭ)፣ ፒ0758 ኤስኤል2ን፣ ፒ1760 ደግሞ የዘይት ግፊት የሚቆጣጠረውን ኤስኤልቲ ይመለከታል፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያዘው የመኪናው ኮምፒውተር በመስመሮቹ ላይ የጠበቀውን ከረንት አላገኘም ማለት ነው። ፒ0750 እና ፒ0755 ቢመጡ ነገሩ ይለያል። እነሱ የሚመዘገቡት የታዘዘው ማርሽ ከፍጥነት ሴንሰሮቹ ከሚነበበው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ስለሆነ፣ የተጣበቀ ቫልቭም ያመጣቸዋል። ሁለቱም ዓይነት አብረው ከወጡ ግን መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጣራ፤ ሶሌኖይዱ ከረንት ካላገኘ ማርሹም እንደታዘዘው አይገባምና።

ምቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ ኤስኤልቲ ከረንት ሲያጣ የካምቢዮው ግፊት ወደ ከፍተኛው ይወጣል። ፍሪሲዮኑ ተንሸራቶ እንዳይቃጠል ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ነው። ስለዚህ ምት ብቻውን ካምቢዮው ለመሞቱ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም እንዲህ እየመታ ለሳምንታት ከተነዳ፣ ጤነኛው ካምቢዮ በእውነት ሊሰበር ይችላል።

ሦስት ሶሌኖይዶች በአንድ ጊዜ ተቃጠሉ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። የጋራ የሆነውን ነገር ጠርጥር፦ ሶኬቱን፣ ማሳውን (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር)፣ ኮምፒውተሩን። በዚህ ሞዴል ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ የታወቀ ድክመት አለበት። ቶዮታ ራሱ ከ2001 እስከ 2003 ሞዴል ለሆኑ ራቭ 4ዎች፣ ለነዚህ ኮዶችና ለዚህ ምት ኮምፒውተሩ እንዲቀየር ለጋራዦች የቴክኒክ ማስታወቂያ አውጥቷል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በውስጥ ሰሌዳው ላይ የተሰነጠቀ ብየዳ ነው፤ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መለካቱ። ማብሪያውን አጥፋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ከፊት ተሳፋሪው ፊት ያለውን ኪስ ስታወጣ ኮምፒውተሩን ከኋላው ታገኘዋለህ። ሶኬቶቹን ንቀልና ወደ ካምቢዮው በሚሄደው በሽቦው በኩል ለካ፤ የፒኖቹን ቦታ ከራሱ ከመኪናው የሽቦ ካርታ እይ፣ በግምት አትሂድ። በመጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ገመዶች አነካካ፤ 0.3 ኦም ካሳየህ ከእያንዳንዱ ንባብ ቀንሰው። 5 ኦም በምትለካበት ሥራ ይህች 0.3 ፍርድ ታዛባለች።

በ20 ዲግሪ ሙቀት ኤስኤል1፣ ኤስኤል2 እና ኤስኤልቲ እያንዳንዳቸው በሁለቱ ሽቦዎቻቸው መካከል ከ5.0 እስከ 5.6 ኦም ማሳየት አለባቸው። ኤስ4 እና ዲኤስኤል የሚባሉት ሌሎቹ ሶሌኖይዶች ባለ አንድ ሽቦ ስለሆኑ ከቦዲ ጋር ይለካሉ፣ ከ11 እስከ 15 ኦም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደግሞ እያንዳንዱን ሽቦ ከቦዲ ጋር ለካ፤ ከ10 ኪሎ ኦም በታች ከሆነ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ነክቷል። ካምቢዮው ሞቆ ሳለ ከለካህ አትደናገጥ፤ መዳብ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራልና በ20 ዲግሪ 5.3 የነበረው በ80 ዲግሪ ወደ 6.5 ይጠጋል። እንዲያውም በቀዝቃዛም በሙቅም መለካት ይሻላል፤ ስትለካም ሽቦውን በተለይ ካምቢዮው አጠገብ አወዛውዘው። ቁጥሩ ከዘለለ ችግሩን አገኘኸው።

ኮምፒውተሩ ጋ ንባቡ ከተበላሸ፣ ካምቢዮው ላይ ያለውን ሶኬት ንቀልና እዚያው ድገም። እዚያ ደህና ከሆነ ችግሩ መሃል ያለው ሽቦ ነው፤ አይጥ የበላው ሊሆን ይችላል። እዚያም ከተበላሸ ካርተሩ (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ይፈታና ሶሌኖይዱና የውስጥ ሽቦው ይታያል፤ ያኔም ቢሆን ካምቢዮ አይወርድም። የሶኬቱን ፒኖች በደንብ እይ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለ ላቫጆ ላይ ሞተሩ በግፊት ውኃ ሲታጠብ የገባ ውኃ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ንባብ ትክክል ከሆነ ኮምፒውተሩ ቀረ። ይህን ለማረጋገጥ ሶኬቶቹን መልሰህ ኮዱን አጥፋ። ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ ኮዱ ካልጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱ ለመከላከል መስመሩን ስለሚዘጋ፣ ጤነኛ ኮምፒውተርም የሞተ ይመስላል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተህ የኤስኤልቲን መስመር በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሲግናልን በስክሪን በሚያሳይ መለኪያ) እይ፤ ቶሎ ቶሎ የሚበራና የሚጠፋ ሲግናል መታየት አለበት። ሲሞቅ ሲግናሉ ከጠፋና ኮዱ ከተመለሰ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። ማሳውን አትርሳ፤ ሞተሩ እየሠራ ከኮምፒውተሩ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበብክ አስቀድመህ እሱን አጽዳ።

ሶሌኖይድ አውጥተህ የምትሞክር ከሆነ ኤስኤል1ን፣ ኤስኤል2ን ወይም ኤስኤልቲን በቀጥታ ከባትሪ ጋር አታገናኝ፣ ታቃጥለዋለህ። በመስመሩ መሃል ባለ 21 ዋት አምፖል አስገባ።

ኮምፒውተር ስትገዛ በላዩ የተጻፈው በ89661 የሚጀምር ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ መግጠሙን አረጋግጥ፤ ቁልፍህ ቺፕ ካለው ከቁልፉ ጋር ማስተዋወቅም ያስፈልጋል። ያገለገለ ከመግዛት ይልቅ የራስህን ሰሌዳ በሠለጠነ ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ማስበየድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያገለገለው ያው ድክመት አለበትና። ከተሠራ በኋላ የካምቢዮውን ዘይት መጠን ሞቆ ሳለ ለካ፤ ይህ ካምቢዮ የሚወስደው ቲ-ፎር (T-IV) የሚባለውን የቶዮታ ዘይት ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ምቱ ፍሪሲዮኑን ጎድቶታል ማለት ነውና፣ የለካኸውን ቁጥርና የዘይቱን ፎቶ እዚህ ለጥፍልንና እንየው።