ለመጀመሪያ ልቦለድሽ ስለቀረችው 10,000 ብር

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያ ልቦለድሽ በሚቀጥለው ወር ከማተሚያ ቤት ይወጣል፤ 1,000 ቅጂ በራስሽ ወጪ ነው ያሳተምሽው፤ ለማስተዋወቂያ 10,000 ብር ቀርቶሻል። «ፌስቡክ ላይ ቡስት (የተከፈለበት ማስታወቂያ) ላድርግበት ወይስ ለቲክቶከር ልክፈልበት?» ብለሻል። እኔም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተበድሬ አሳትሜ ስለነበር ጭንቀትሽ ይገባኛል። ለሁለቱም አትክፈይ።

እኔ ከፍዬ አይቼዋለሁ። ክፍያው የዶላር ካርድ ስለሚፈልግ፣ በብር ተቀብሎ ቡስት የሚያደርግልኝ ሰው ፈልጌ 4,000 ብር ሰጠሁ። የሽፋኑ ፎቶ «አሁን በገበያ ላይ» ከሚል ጽሑፍ ጋር አምስት ቀን ዞረ። ላይኩ ጎረፈ፤ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለውም በዛ። «የት ላግኘው?» ብለው በውስጥ መስመር የጠየቁኝ ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱን ድሮም አውቃቸዋለሁ። ስሜን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሽፋን አይቶ ብቻ ምን ብሎ ኪሱን ይዳብሳል?

መጽሐፌን ያንቀሳቀሰው ድምፅ ነው። የእኛ ሰው ልቦለድን በጆሮው መስማት ለምዷል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ ዛሬ የሚያዳምጥ ስንት ሰው አለ! እኔ ተራኪ አይደለሁም። ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ሲል ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ የመጀመሪያውን ምዕራፍ 11 ደቂቃ አነበብኩ። ሁለት ቦታ ተደነቃቀፍኩ፤ መጨረሻው ላይ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። እንዳለ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ለቀቅኩት። በምዕራፉ ውስጥ ማንበብ የማትችል አያት ከልጅ ልጇ የመጣላትን ደብዳቤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ የሚያነብላት ፍለጋ የጎረቤት በር ታንኳኳለች። እዚያ ላይ አቆምኩ።

በማግስቱ «ደብዳቤው ምን ይላል?» የሚል መልእክት ሲመጣ ዋለ። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እህት «ልብስ እየተኮስኩ ሦስቴ ሰማሁት። ደሴ ያለችው እህቴ ትግዛልኝና ታስቀምጥልኝ፤ ስመጣ አነበዋለሁ» አለችኝ። መጽሐፉን በአውቶቡስ ላክሁት። ከሳምንት በኋላ እህትየዋ ራሷ ደውላ ለጓደኞቿ አራት ጨምራ አዘዘች። ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት የኢንተርኔት ፓኬጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምትቆሚበትን ቦታ አስቢበት። ምርጥ አንቀጽሽን ፈልጊ አልልሽም፤ አንባቢው ቀጥሎ ያለውን ካላወቀ እንቅልፍ የሚነሳውን ቦታ ፈልጊ። ከእያንዳንዱ ድምፅ ሥር ዋጋውን፣ የቴሌብር ቁጥርሽን፣ መጽሐፉ ያለባቸውን መደብሮች በስማቸው ጻፊ። «በሁሉም መጻሕፍት መደብር ይገኛል» አትበዪ፤ ሰው ሁለት መደብር ገብቶ ካጣው ሦስተኛ አይሞክርም። ቀጥታ ከአንቺ የሚገዛውን ደግሞ ተንከባከቢው፤ ከእኔ መደብሮቹ ከሽፋን ዋጋው 35 በመቶ ያስቀሩ ነበር፣ ሒሳቡም የሚመጣው ቆይቶ ነው። ፒዲኤፉን ግን ለማንም፣ «ለግምገማ» ለሚልሽም ቢሆን፣ አትላኪ። አንዴ ቴሌግራም ላይ ከወጣ አይመለስም።

አሁን ስልክ ቁጥር መያዝን ልንገርሽ፤ ይሄ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ከእኔ የገዛውን ሰው ሁሉ ስምና ስልክ፣ ፈቃዱን ጠይቄ፣ በደብተር እጽፍ ነበር። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ ያለ ቪፒኤን አልተከፈቱም። ቻናሌ ላይ የነበረው ሕዝብ በአንድ ቀን ጭር አለ። ደብተሬ ላይ 214 ሰው ነበር። ለእያንዳንዳቸው በስማቸው አጭር መልእክት ላክሁ፤ «ሁለተኛው ዙር ኅትመት ደርሷል፣ ለወዳጅዎ ይንገሩልኝ» የሚል። በእነዚያ ወራት የሸጥኩት በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ደብተር የመጣ ነው።

ቲክቶክን በራስሽ ሞክሪው፤ ፊትሽን ማሳየት ካልፈለግሽ ገጹን እያሳየሽ አንድ ደቂቃ ማንበብ ይበቃል።

ብሩን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ ደረት ላይ የሚሰካ ርካሽ ማይክ እገዛለሁ፤ ለሁለት ወር ኢንተርኔት እይዛለሁ፤ ቀሪውን ለትራንስፖርትና ለስጦታ ቅጂዎች አውለዋለሁ። ስጦታውን ለታዋቂ ሰው አትስጪ፤ ለሚያነብ ስጪ። የንባብ ክበብ ላላቸው ተማሪዎች፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ከሁሉም በላይ ለአዟሪዎች። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የሚያዞር አንድ ልጅ መጽሐፌን አንብቦ ስለወደደው ክንዱ ላይ ከደረደራቸው ሁሉ በላይ አድርጎ ይዞት አገኘሁት። አስፈቅጄ ፎቶ አነሳሁትና ለጠፍኩት። «ይሄን ልጅ የት ላግኘው?» እያሉ ሄደው ከእሱ ገዙ።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስትቀጂ ላኪልኝ፤ የት ላይ ብታቆሚ እንደሚሻል አብረን እንሰማዋለን።